ከመወለዳችን በፊት የሆነው ነገር



ሰሞኑን አንድ የዶርም ጓደኛዬ «እናቴ እኔን ስታረግዝ ብዙ ተቸግራለች፤ አሁን የሚያስጨንቀኝ ነገር ከዚያ የመጣ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። እስኪ አብረን እንየው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 ወደ 1945 እ.ኤ.አ. በሚያሻግሩት የብርድ ወራት፣ ናዚዎች በያዙት የምዕራብ ኔዘርላንድስ ምግብ ጠፋ። የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ የጀመረበትና ያበቃበት ጊዜ በግልጽ ስለሚታወቅ፣ ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ያኔ የተፀነሱትን ከሌሎች ጋር ማወዳደር ቻሉ። ረሃቡ በበረታበት ጊዜ በተፀነሱት ላይ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከ1959 እስከ 1961 የነበረውን የቻይና ረሃብ ያጠኑትም ተቀራራቢ ውጤት አገኙ።

ፅንስ ምግቡን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ ደም ነው። አንጎሉ በሚሠራበት ጊዜ ንጥረ ነገር ከጎደለው እድገቱ ሊታወክ ይችላል። የእናት ከባድ ጭንቀትና በምጥ ጊዜ የሚያጋጥም የኦክስጅን እጥረትም ከኋለኛ የአእምሮ ሕመም ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

አሁን «ሁለት እጥፍ» የሚለውን እናስላው። ስኪዞፍሬኒያ በዕድሜያቸው የሚይዛቸው ከ100 ሰው አንድ ያህል ናቸው። እጥፉ ሁለት ነው። 98ቱን አልያዛቸውም! ተጋላጭነት ሌላ፣ የተቆረጠ ፍርድ ሌላ ነው። ከተወለድን በኋላ የምናገኘው ፍቅር፣ ወዳጅና ሕክምናም ድርሻ አለው።

እናቶችንም አንውቀስ፤ ረሃቡን የመረጠች እናት የለችም። ሸሪዓችን ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር በረመዷን እንዳትጾም ሩኽሳ ሰጥቷታል። እኛስ? ለእረፍት ቤት ስንገባ ያረገዘች እህት ካለች ከባዱን ሥራ እንቀበላት፤ የእርግዝና ክትትሏን እንዳታቋርጥ እናግዛት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ100 አራሶች 13 ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድብርት ያጋጥማቸዋል። እንዲህ ያለችውን «ኢማኗ ደክሞ ነው» ብለን አንለፋት፤ ዱዓ እናድርግላት፣ ጤና ጣቢያም እናድርሳት።

ለጓደኛዬም ይህንኑ ነገርኩት። ጭንቀት መነሻው ምንም ይሁን ምን ይታከማልና፣ በማግስቱ አብረን ወደ ግቢው ክሊኒክ ሄድን።