አሮጌ የጭቃ ቤትን በየክፍሉ ስለ ማደስ

ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ ምክር ይጠይቃል፤ አሮጌውን ሲያድስ ግን የሚኖርበት ስለ ሆነ የሚያውቀው መስሎት ሳይጠይቅ ይጀምራል። ከዚህም የተነሣ እድሳት ብዙ ገንዘብ ሲያስጠፋና ቤተ ሰብን ሲያጣላ ይታያል። ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የወሰድነው በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ ዙሪያ የሚገኘውን የጭቃ ቤት ነው። የገጠሩም ቤት በአብዛኛው በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ የመርካቶውን ነገር የተረዳ መምህር በመንደሩ ላለው ቤት ምክር ለመስጠት አይቸገርም።

መርካቶ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። በገበያው ዙሪያ ሰው እየበዛ ሲሄድ ቤቶቹ ተጠጋግተው ተሠሩ። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ሁለት ቤተ ሰብ የሚለያየው በአንድ ግድግዳ ነው፤ የአንዱም ጣራ ውሃ በሌላው ግድግዳ ሥር ይወርዳል። በገጠር ሰው ቤቱን ሲያፈርስ ለጎረቤቱ የሚደርሰው አቧራው ነው፤ በመርካቶ ግን አንድ ቋሚ እንጨት መንቀል የጎረቤትን ጣራ ሊያዘም ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ጎረቤትን ጠርቶ ግድግዳውን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ጭቃ ከመቦካቱም በፊት ቤቱ በሕግ የማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑትም ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በእነዚህ ቤቶች ከአያት እስከ የልጅ ልጅ የኖሩ ሰዎች «ቤታችን» ይላሉ፥ መናገራቸውም አያስደንቅም፤ በሕግ ግን ተከራዮች ናቸው። ስለዚህ የመንግሥት ቤት ተከራይ ግድግዳ ከመንካቱ አስቀድሞ ከአከራዩ መሥሪያ ቤት ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበል። የግል ቤት ያለውም ቢሆን ስፍራው እንዲፈርስ የታቀደ እንደ ሆነ ከክፍለ ከተማው ይጠይቅ፤ ነገ ለሚፈርስ ግድግዳ የልጆችን የትምህርት ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ሥራው ከየት ይጀመር? ብዙ ሰው እንግዳ የሚያየው እርሱን ስለ ሆነ ከሳሎኑ ይጀምራል። ይህ ሥራውን ከጅራቱ መያዝ ነው። የጭቃ ቤት ጠላት ውሃ ስለ ሆነ አስቀድሞ ጣራው፥ ቀጥሎ የግድግዳው ሥር ይታያል፤ ክፍሎቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። መምህር ይህን ለተማሪዎቹ በሒሳብ ሊያሳያቸው ይችላል። ወርዱ 5 ሜትር፥ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቤት 30 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 20 ሊትር፥ በጣራው ሁሉ 600 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሦስት ጊዜ ሞልቶ በግድግዳው ሥር እንደ መድፋት ያለ ነው። አሸንዳው የተቀደደ ቤት በአንድ የሐምሌ ዝናብ የሚቀበለው ይህን ያህል ነው።

ቆርቆሮ ሲገዛ ነጋዴው «32 ጌጅ፥ 30 ጌጅ፥ 28 ጌጅ» እያለ ይጠራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው እንደሚወፍር ማወቅ ከመታለል ያድናል። ምስማሩ የሚመታው በማዕበሉ ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ሲውል ሲያድር ያፈሳል። ከጣራው በኋላ በቤቱ ዙሪያ ውሃው ሸሽቶ የሚሄድበት ቦይ ይቆፈራል።

ቀጥሎ የቋሚው እንጨት እግር ይመረመራል። በአፈሩ ልክ ጭቃውን ጥቂት ፈቅፍቆ በቢላዋ መውጋት ነው፤ ቢላዋው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል እንጂ እርጥብ አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። የጥድ ቋሚ የተገኘበት ቤት ግን ዕድለኛ ነው፤ ጥድ መበስበስንና ምስጥን ስለሚችል፥ አሮጌ መስሎ ቢታይም ነቅሎ በባሕር ዛፍ መለወጥ ኪሳራ ነው። የበሰበሰው ሲለወጥ ጣራው አስቀድሞ በባላ ይደገፋል፤ አንዱ ቋሚ ተለውጦ ሳይጠና ሌላው አይነካም። አዲሱም እንጨት በአፈር ላይ ሳይሆን በድንጋይ ላይ ይቁም።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንግባ። ጓዳ፥ መኝታ ቤትና ሳሎን ያለው ቤት ቢሆን አስቀድሞ ጓዳው፥ ቀጥሎ መኝታው፥ በመጨረሻ ሳሎኑ ይታደሳል። አዲስ የተመረገ ግድግዳ እስኪደርቅ ድረስ ክፍሉን ያቀዘቅዛል፤ ሕፃንና ሽማግሌ የሚተኛበት አይደለም። ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተመረገ ቤተ ሰቡ ማደሪያ ያጣል፤ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ግን ዕቃውም ሰውም ወደ ቀሩት ይጠጋል። ወራቱም ዝናብ ከወጣ በኋላ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይመረጣል፤ ወደ መጨረሻው የጤፍ አውድማ ስለሚሆን አዲስ ጭድም ይገኛል።

ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፥ ውሃ እየተጨመረበት ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ጭዱ ሲለሰልስ አፈሩን አያይዞ መሰንጠቅን ይቀንሳል። ምን ያህል ጭድ እንደሚበቃ ከአፈሩ ዓይነት የተነሣ በቃል መናገር አይቻልም። ሦስት ዓይነት አቡክቶ በግድግዳው ላይ ሦስት መዳፍ የሚያህል ለጥፎ አንድ ሳምንት መጠበቅ ነው፤ ያልተሰነጠቀው ይመረጣል። ይህ ለትምህርት ቤትም ጥሩ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ፈጽሞ ሳይደርቅ ሁለተኛው ልስን አይደረብም።

ብዙዎች በጭቃው ላይ ስሚንቶ ይለስናሉ፤ እኛ ግን አንመክርም። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ስሚንቶ ግን ከእርሱ ጋር አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እንጨቱን በስውር ያበሰብሳል፤ ቤቱም ከውጭ አምሮ እያለ ከውስጥ ይወድቃል። ጥሩ የጭቃ ልስንና ኖራ ይበቃል።

በርና መስኮት የሚፈልግ በምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ ስለሚያገኝ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ያንን ይይ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ያገለገለ አይገዛም፤ በቤተ ሰብ እጅም አይሠራም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ብዙ ሱቅ ያወደመው ቃጠሎ እሳት በተጠጋጉ ቤቶች መካከል እንዴት እንደሚሮጥ አሳይቷል። ሽቦው የሚታየው ግድግዳው ገና ክፍት ሳለ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው ከምርጊት በፊት ይጠራ።

ስለ ሰው ጉልበት የሚባለው ብዙ ነው። ወጣቶቹ ጭቃ ይረግጣሉ፥ ጣራ ይወጣሉ፤ ልጆች ውሃ ያቀብላሉ፥ የተጣመመ ምስማር ያቃናሉ። እናት ግን እንጀራ ጋጋሪ ብቻ ተደርጋ አትቆጠር፤ ክረምቱን ሁሉ ሣህን የደቀነችው እርሷ ስለ ሆነች ጣራው የት የት እንደሚያፈስ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘመድ ሲጠራም ደቦና ወንፈል አይቀላቀሉ። በደቦ የመጣ ሰው ባለቤቱ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኘዋል፤ ወንፈል ግን ብድር ነውና የሁለት ቀን ጉልበት በሁለት ቀን ጉልበት ይመለሳል። የመጣው በየትኛው እንደ ሆነ በመጀመሪያው ቀን ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ አንዱ ስጦታ ሲቆጥር ሌላው ዕዳ ይቆጥራል።

ከሁሉ የሚከብደው ቤቱ ከወላጅ ለወንድማማቾች የወረደ ሲሆን ነው። አንዱ በቤቱ ይኖራል፥ ሌላው ቆርቆሮ ይገዛል፥ ሦስተኛው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ዓመታት አልፈው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲከፈል ግን ሁሉም ድካሙን ያስታውሳል፥ የሌላውን ይረሳል። ሽማግሌዎች የሚጠሩት ያን ጊዜ ነው፤ ነገሩም ማስረጃ ስለሌለው ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ሽማግሌዎች በሥራው መጀመሪያ ይጠሩ። አንድ ደብተር ይገዛ፤ ቀኑ፥ የሰጪው ስም፥ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ፥ የሠራው ቀን ብዛት ይጻፍበት። ገንዘቡም ስጦታ ወይም ብድር ወይም በቤቱ ላይ ድርሻ መሆኑ በቃሉ ይገለጽ። አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር ደብተሩ በሁሉም ፊት ይነበብና ይፈረምበት፤ ማንበብ የማይችል ካለ የቤቱ ተማሪ ያንብብለት። የሚቀጥለው ክፍል የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው።