ገንዳውን የሚያበላሸው ዝናቡ ነው ወይስ አቧራው?

ካርቱም ውስጥ ኸሪፍ የሚባለው የዝናብ ወቅት ሲገባ፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የመዋኛ ገንዳ የሚንከባከብ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ምክር አለ፦ «ዝናብ ስለዘነበ ውሃው አሲድ ሆኗል፤ ሶዳ ጨምርበት።» ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ንጹሕ ዝናብ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ፒኤቹ ወደ 5.6 ዝቅ ይላል፤ የገንዳ ውሃ ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝናቡን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ስሌቱ ግን ሌላ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር በሆነ ገንዳ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ውሃው የሚጨምረው በ1.3 በመቶ ብቻ ነው። ያውም 20 ሚሊ ሜትር ለካርቱም ብርቱ ዝናብ ነው፤ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስታገኝ ካርቱም በአማካይ 200 እንኳ አትሞላም። በዝናብ ውስጥ ያለው አሲድም እጅግ ደካማ ነው። ደህና የተያዘ ገንዳ አሲድን ውጦ ፒኤቹን ሳይለቅ የመቆየት አቅም አለው፤ ይህ አልካሊኒቲ ይባላል። በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ከሆነ የአንድ ቀን ዝናብ አይነቀንቀውም።

ጥፋተኛው ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርሰው ሃቡብ ነው። ከነጎድጓድ ደመና ሥር የሚፈነዳው ቀዝቃዛ ነፋስ ደረቁን መሬት ጠርጎ ያነሳና ከተማዋን በአቧራ ያለብሳታል። ይህ አቧራ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ስላለበት ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ ወደ ታች አያወርደውም። ፎስፌት ይዞ ስለሚመጣም ለአልጌ ምግብ ይሆናል፤ አብሮት የገባው ቅጠላ ቅጠልና ቆሻሻ ደግሞ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። ተከትሎ የሚዘንበው ዝናብ በአየር ላይ የቀረውን ጭቃ አድርጎ ያወርደዋል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ፒኤችን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገውን ሶዳ የሚጨምር ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያስቡት። ፒኤቹ 7.5 ሲሆን ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ጀርም በሚገድለው ኃይለኛ መልኩ ይገኛል፤ 8 ሲደርስ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ክሎሪኑ በቆሻሻው እየተመናመነ ሳለ የቀረውንም በሶዳ ማዳከም ገንዳውን በሁለት ቀን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ስለዚህ ከሃቡብ በኋላ መጀመሪያ ፓምፑን ያስነሱ፤ የተንሳፈፈውን ይግፈፉ፤ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጉ፤ ማጣሪያውን ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ አሳልፈው ይጠቡት። ከዚያ ይለኩ። ነጻ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ የሚጨምሩት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን፤ መከላከያ የሌለው ክሎሪን በቀን ፀሐይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ፒኤች ለማውረድ አሲድ ካስፈለገ ከክሎሪን ጋር በአንድ ዕቃ ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ዝናቡ እንዲያውም ውለታ ይውላል። በካርቱም ሙቀት ከገንዳ ላይ በየቀኑ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ውሃ ይተናል። ውሃው ሲሄድ ጨውና ካልሲየም ይቀራሉ፤ በጉድለቱ ፋንታ የሚሞላው የቧንቧ ውሃም የራሱን ይጨምራል። በሸክላው ጠርዝ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚህ የመጣ ነው። ዝናብ ግን ጨው አልባ ውሃ ነው፤ ጥቂትም ቢሆን ያቀጥነዋል።

ይህ ሁሉ ውሃው ከሰማይ ብቻ ሲመጣ ነው። ሐምሌ 28 እና 29 ቀን 1980 ዓ.ም. በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ካርቱም ላይ ወርዶ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ገንዳ የሚገባው የመንገድና የመጸዳጃ ጉድጓድ ውሃ ነው። ማንም አይግባበት። ጭቃውን ከሥር እየመጠጡ በማጣሪያው ሳያሳልፉ ወደ ውጭ ይጣሉ፤ ውሃውን በከፊል ይቀይሩና ክሎሪኑን በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ያድርሱ። ቤቱ ለአባይ ወይም ለነጭ አባይ ቅርብ ከሆነ ግን ወንዙ ሞልቶ ሳለ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ አያድርቁት። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ ስለሚል ባዶውን ገንዳ ከሥሩ ገፍቶ ሊሰነጥቀው ይችላል።