ከአላይመንት በኋላ መሪው አጋድሎ ሲቀር

የደብሩ ተሽከርካሪ የጎማ አላይመንት ተሠርቶለት ከጋራዥ ወጥቷል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መሪው ግን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አጋድሎ ይታያል። ሾፌሩ «ይለመዳል» ይላል፤ የሰበካ ጉባኤውም ደረሰኙን ተቀብሎ ሒሳቡን ይዘጋል። እንዲህ ያለ መሪ ግን የአላይመንቱ ሥራ እንዳልተጠናቀቀ የሚናገር ምልክት ነው፤ ስለዚህ መኪናው ወደ ሠራው ጋራዥ ሊመለስ ይገባዋል።

በጉለሌ ለሚገኙ አጥቢያዎች ጉዳዩ የበለጠ ክብደት አለው። ከእንጦጦ ማርያምና ከእንጦጦ ራጉኤል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለትና መታጠፊያ የበዛበት ነው፤ በየመንደሩ ያለው ኮብልስቶንና ጉድጓድም የመሪን ክፍሎች ቶሎ ያላላል። በበዓል ዋዜማ ካህናትንና ምእመናንን ጭኖ የሚወርድ ሾፌር መሪው በየትኛው አቅጣጫ ቀጥ እንደሚል መገመት አይገባውም።

ነገሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። የፊት ሁለቱ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ከመሪው ጋር የሚገናኙት ርዝመቱ በሚስተካከል ዘንግ ነው፤ የዘንጉ ጫፍ በጋራዥ ቋንቋ ቴስቲና ይባላል። አላይመንት በዋናነት የሚያስተካክለው ሁለቱ ጎማዎች ከፊት በኩል ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ወይም እንደሚራራቁ ነው። እንበልና የግራው ጎማም የቀኙም በግማሽ ዲግሪ ወደ ቀኝ ያመለክታሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትክክል ስለሆነ ጠቅላላ ልኩ ጉድለት አያሳይም፤ መሪው መሐል ላይ ሳለ ግን ሁለቱም ቀጥታ አይመለከቱም። ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ለመሄድ መሪውን ወደ ግራ ማዞር ይኖርበታል። መሪው 16 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ በሚዞርበት መኪና ላይ፣ የጎማው ግማሽ ዲግሪ በመሪው ላይ 8 ዲግሪ ሆኖ ይታያል። በጎማው ላይ ዐይን የማያየው ስሕተት በመሪው ላይ ጎልቶ የሚወጣው ስለዚህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሠራተኛው ሥራውን ሲጀምር መሪውን ቀጥ አድርጎ በመያዣ አለማሰሩ ወይም በአንድ በኩል ያለውን ዘንግ ብቻ ማስተካከሉ ነው። መሪው በሞተር ኃይል የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ግራና ቀኝ ተዞሮ መሐሉ ላይ እንዲያርፍ ካልተደረገም ተመሳሳይ ውጤት ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ አለ፤ እኛም አጥብቀን እንቃወመዋለን። ይኸውም መሪውን ነቅሎ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ አዙሮ መልሶ መግጠም ነው። በዐሥር ደቂቃ ያልቃል፤ መሪውም ቀጥ ይላል። ሆኖም ከሥር ያለው የመሪ ማርሽ አሁንም ከመሐሉ የወጣ ነው። ከዚህም የተነሣ መኪናው ወደ አንዱ ጎን ከሌላው ያነሰ ይታጠፋል፤ በጠባብ መታጠፊያ ወደ ኋላ ለሚመልስ ሾፌር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማርሹ እጅግ ጥብቅ ሆኖ የተሠራው መሐሉ ላይ በሆነባቸው አሮጌ መኪኖች ደግሞ ቀጥታ ጉዞው ልል በሆነው ክፍል ላይ ይውላል። በአዳዲሶቹ ላይ ኤርባግና የመሪን አቅጣጫ ለኮምፒውተር የሚነግር መሣሪያ ስላለ አደጋው ይብሳል። መሪው ከዚህ ቀደም ተነቅሎ በስሕተት የተገጠመ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር መነቀል የለበትም።

ትክክለኛው መንገድ የሁለቱን ዘንጎች ርዝመት በእኩል መጠን፣ አንዱን በማሳጠር ሌላውን በማስረዘም ማስተካከል ነው። ዘንጎቹ ከፊት አክስ በስተ ኋላ በሆኑበት መኪና ላይ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ወደ ግራ ካጋደለ የግራው ዘንግ ያጥራል፣ የቀኙ በዚያው ልክ ይረዝማል። ወደ ቀኝ ካጋደለ ተቃራኒው ይሠራል። ዘንጎቹ ከአክሱ በስተ ፊት ከሆኑም አቅጣጫው ይገለበጣል። በሁለቱ በኩል የተዞረው መጠን እኩል ከሆነ የጎማዎቹ ልዩነት ሳይነካ መሪው ብቻ ወደ መሐሉ ይመለሳል። የፊት አክሳቸው ወጥ በሆነ አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ሥራው ይቀልላል፤ ከመሪው ማርሽ ወደ ጎማው የሚሄደውን አንዱን ዘንግ ብቻ ማስረዘም ወይም ማሳጠር ይበቃል። በመጨረሻም ማጥበቂያ ዳዶዎቹ መጥበቃቸው ይታያል።

መሪው አጋድሎ መኪናው ቀጥ ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ መሪው ሲለቀቅ መኪናው ወደ ጎን መሳቡ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ኮሚቴ ለማይመለከተው ጥገና ይከፍላል። መኪናው የሚስብ ከሆነ አስቀድሞ የጎማዎቹ ነፋስ በጎሚስታ ይለካ። ቀጥሎ ከጉዞ በኋላ የአንዱ ጎን ቸርኬ ከሌላው ይልቅ መጋሉ፣ ማለትም ፍሬኑ መያዙ ይመርመር። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ፣ የመዞሪያ አቅጣጫ የተጻፈባቸው ካልሆኑ፣ ግራና ቀኝ ይለዋወጡ። መሳቡ አቅጣጫውን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ሙከራው የሚደረግበት መንገድም ይመረጥ። መንገዶች ውኃ እንዲወርድባቸው ከመሐል ከፍ ተደርገው ይሠራሉ። ሀገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መስመር ስለምትነዳ፣ ጤነኛ መኪናም ቢሆን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ መሪውም በጥቂቱ ወደ ግራ ይያዛል። በሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ የተደረገ ሙከራ ስለዚህ ብዙ አያስተምርም። ከአዲሱ ገበያ በጎጃም መንገድ ጋራውን ተሻግሮ የሱሉልታ ሜዳ መድረስ ይሻላል።

የፊቱ ሁሉ ተስተካክሎ መሪው አሁንም ካጋደለ ወደ ኋላ አክስ መመልከት ያስፈልጋል። በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ የፒክአፕ አክስ፣ ባሌስትራውን ከመሐል የሚያስረው ብሎን ሲቆረጥ ወይም ማሰሪያው ሲላላ በአንድ በኩል ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ መኪናው በሰያፍ ይሄዳል፤ ሾፌሩም ያንን ለመቋቋም መሪውን አጋድሎ ይይዛል። በክረምት ይህን ያለ መሣሪያ መለየት ይቻላል፦ መኪናው በውኃ ላይ አልፎ በደረቅ አስፋልት ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ የኋላ ጎማዎች ፈለግ ከፊቶቹ ፈለግ በግራና በቀኝ እኩል ካልተራራቀ አክሱ ተንሸራቷል። በዚህ ጊዜ የአራቱም ጎማዎች አላይመንት እንጂ የፊቱ ብቻ አይጠቅምም።

ኮሚቴው መኪናውን ሲያስረክብ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ከሥራው በፊት ቴስቲናዎቹና የጎማ ኩሽኔታዎቹ እንዲፈተሹ፤ በላላ ቴስቲና ላይ የተሠራ አላይመንት የመጀመሪያው ጉድጓድ ያበላሸዋል። ሁለተኛ፣ የግራና የቀኝ ጎማ ልክ ለየብቻ የተጻፈበት፣ የበፊቱና የበኋላው ወረቀት እንዲሰጥ። ሦስተኛ፣ ሒሳብ ሳይከፈል መካኒኩ ከሾፌሩ ጋር ተቀምጦ መኪናውን እንዲሞክር። ወረቀቱም ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በተሽከርካሪው መዝገብ ይያያዝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መሪው ሲያጋድል ከየትኛው ጎማ መጀመር እንዳለበት ያሳያል።