ዋናው ገንዘብና ትርፉ፤ ስለ ሰሜን ተራሮችና ስለ ሀገር ጐብኚዎች ንግድ

ማናቸውም የነጋዴ ጸሐፊ መዝገብ መያዝ ሲጀምር አስቀድሞ የሚማረው፣ ዋናውን ገንዘብ ከትርፉ መለየትን ነው። ዋናውን የሚበላ ነጋዴ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሳለ ከስሮአል፤ ክስረቱ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። ይህ ደንብ በቡናና በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ለሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ በሀገር ጐብኚዎች ንግድ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ ንግድ ዋናው ገንዘብ በሣጥን የተቀመጠ ሳይሆን በመሬት ላይ የበቀለ ነውና። ለትምህርታችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ምሳሌ እናድርግ።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የዋልያ ቁጥር አንሶ፣ እርሻ ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ መንገድም በመካከሉ አልፎ ነበርና። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ማለት ነው። አንድ የንግድ ቤት ይህን ያህል ዘመን በባለ ዕዳነት ቢጻፍ ማን ያበድረዋል?

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ጐብኚው ከሩቅ አገር የሚመጣው ገደሉን፣ ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት ነው። ዋልያ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ በዱር አይገኝም። ጭላዳም ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። እንግዲህ ሣሩ በከብት፣ በፍየልና የጐብኚውን ጓዝ በሚጭኑት በቅሎዎች ተግጦ ሲያልቅ፣ ዝናም ዐፈሩን ጠርጎ ወደ ቆላው ይወስደዋል፤ ከዐፈሩም ጋር የእኛ ሸቀጥ ይሄዳል። ጅብራን የመሰለው ተክል ደግሞ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ከማበቡ አስቀድሞ የተቈረጠ ጅብራ ዘር አይተውም። የአስታ ዛፍም በዚያ ብርድ ቶሎ አይተካም፤ ነገር ግን ለምድጃ ደኅና ማገዶ ስለ ሆነ ይፈለጋል።

በአንድ የጉዞ ሒሳብ ላይ የአስጐብኚው፣ የጠባቂው፣ የወጥ ቤቱ፣ የበቅሎ ነጂውና የማደሪያው ዋጋ በየተራው ተጽፎ ይገኛል። የሣሩና የእንጨቱ ግን ዐምድ የለውም። በመዝገብ ያልገባ ወጪ የቀረ ወጪ እንዳይመስለን! ሳንቃ በርና ጨነቅ ለሚያድሩ እንግዶች በቡታ ጋዝ ማብሰል፣ ወይም ማገዶውን ከታች ከተተከለ ባሕር ዛፍ ገዝቶ መጫን፣ ለበቅሎውም ድርቆሽና ጭድ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ቆሻሻውን በጓዙ መልሶ ማውረድ ገንዘብ ያስወጣል፤ ነገር ግን ይህ ወጪ ዛሬም የሚከፈል ነው፤ የሚከፍለው ተራራው ሆነ እንጂ።

ስለ ትምህርት የምለው አለኝ። በ2008 ዓ.ም. ከጊጭ መንደር ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ገብስ ዘሪና በግ አርቢ የነበረ ሰው በድንገት ከተሜ ሆነ ማለት ነው። ለመሬቱ ዕረፍት የተገኘው በእነርሱ መነሣት ከሆነ፣ ከዚያ ዕረፍት የሚመጣው ትርፍ ለእነርሱ ካልደረሰ ፍርዱ የተጣመመ ይሆናል። የገደሉን መውጫና መውረጃ፣ ዋልያው ውኃ የሚጠጣበትን ሰዓት የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። የጐደላቸው የውጭ ቋንቋ፣ የሒሳብ አያያዝና የእንግዳ መስተንግዶ ሙያ ነው፤ ይህም በትምህርት ይገኛል። ደባርቅ ዛሬ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ነጋዴው ከጊጭ ልጆች አንዱን ቢቀጥርና የማታ ትምህርቱን ቢከፍልለት ምጽዋት አይባልም። «ይህ ጭላዳ ነው» ብሎ ዝም ከሚለው አስጐብኚ ይልቅ፣ እንስሳው ስለ ምን ከሣሩ እንደማይርቅ የሚያስረዳው እንግዳውን አንድ ቀን ጨምሮ ያሳድረዋልና።

ያለፉት ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. እሳት ብዙ ጓሳና ቍጥቋጦ በላ፤ በ2012 ወረርሽኙ ጐብኚውን አስቀረ፤ ከዚያም ጦርነት ተከተለ። ገቢው በተቋረጠ ጊዜ የአካባቢው ሰው ፊቱን ወደ ዛፉና ወደ ግጦሹ ቢመልስ ሊወቀስ አይገባውም፤ የሚበላው ከወዴት ይምጣ? ስለዚህ ጐብኚ በሚበዛበት ወራት ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ የጋራ ሣጥን ነጋዴዎች፣ አስጐብኚዎችና በቅሎ ነጂዎች ተስማምተው ቢያቋቁሙ ይበጃል። ዋጋውም በጐብኚው ሒሳብ ላይ ተደብቆ ሳይሆን «የመሬት ጥበቃ» ተብሎ በግልጥ ይጻፍ፤ እንግዳው ቢጠይቅ አስጐብኚው ሣሩን እያሳየ ያስረዳው።