የአበባ ዘር ከኅዳር እስከ ሰኔ

ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ተጠርጎ ቆሻሻ ሲታጠን፣ እሳቱ ውስጥ ከሚገባው መሃል የደረቀ የአበባ አገዳ አይጠፋም። የሰኔው ዘር ያለው እዚያ ላይ ነው። ጥራጊው ሳይከመር መቀስና የወረቀት ከረጢት ይዘው ግቢዎን አንድ ዙር ይዙሩ።

የሚለቀሙት በአንድ ዓመት በቅለው የሚደርቁት ናቸው፦ አደይ አበባ፣ ኮስሞስ፣ ማሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ሱፍ። ጽጌረዳ በቁራጭ ስለሚባዛ ዘሩን ፍለጋ አይድከሙ። በፓኬት የተገዛው ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ዲቃላ ነው፤ ዘሩ ይበቅላል፣ እናቱን ግን ላይመስል ይችላል። ጤነኛና ያማረውን ተክል በጥቅምት፣ አበባው ሳይረግፍ፣ ክር አስረው ይለዩት።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። አበባው ሲጠወልግ ግቢውን ያስጠላል፤ ብዙ ሰው ቆርጦ የሚጥለውም ያኔ ነው። ራሱ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ ይተዉት። የበሰለ የኮስሞስ ዘር ጠቁሮ እንደ መርፌ ይሾላል። የማሪጎልድ ዘር ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጣ ያለ ሆኖ ቀፎው ውስጥ ታጭቆ ይገኛል። አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። በሌላ በኩል በጣም መዘግየትም አያዋጣም፤ ኮስሞስን ነፋስ ይበትነዋል፣ ሱፍን ወፍ ይቀድምዎታል። የሱፉን ራስ በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት።

ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ ይልቀሙ።

ዘር የሚበላሸው በአብዛኛው በእርጥበት ነው። ስለዚህ የለቀሙትን ጋዜጣ ላይ ስስ አድርገው፣ አየር በሚገባበት ጥላ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያሰንብቱት፤ ሱፍ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ምድጃ አጠገብ አያድርጉት። ሲደርቅ በመዳፍዎ ፈትገው በሰፌድ በቀስታ ያንገዋልሉ፤ የኮስሞስና የማሪጎልድ ዘር ቀላል ስለሆነ ከገለባው ጋር ይበራል። ትንሽ ገለባ ቢቀርበት አይጎዳም።

ፌስታል ውስጥ አይቋጥሩት፣ ይሻግታል። በወረቀት ፖስታ ያድርጉትና ስሙን፣ ቀለሙን፣ የተለቀመበትን ወርና ዓመት ይጻፉበት፤ ያልተጻፈበት ዘር ሰኔ ላይ ማንነቱ አይታወቅም። ፖስታዎቹን ክዳኑ በሚጠብቅ የብርጭቆ ዕቃ ከትተው፣ እርጥበት እንዲስብ ከሥር ጥቂት ደረቅ ሩዝ ይጨምሩ። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይስማማዋል፤ ከምድጃ በላይ ያለው መደርደሪያ ለዚህ አይሆንም።

ግንቦት ላይ 10 ዘር በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያኑሩ። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን 7 ያህል ካቆጠቆጠ ዘርዎ ደህና ነው፤ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አጠጋግተው ይዝሩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ስስ አፈር ብቻ አልብሰው ይዝሩት፤ ጠልቆ የተቀበረ ትንሽ ዘር አይወጣም።

ከዘሩት የተረፈዎትን ለጎረቤት ይስጡ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የአብዛኞቹ የመብቀል ኃይል ይደክማል።