የጋራ አቤቱታ አጻጻፍ

አቤቱታ የሚለው ቃል «አቤት» ከሚለው ጥሪ ጋር ዝምድና አለው። በቀድሞው ዘመን የተበደለ ሰው ከዳኛ ወይም ከንጉሥ አደባባይ ቀርቦ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። እስኪሰማ ድረስ ይጮኻል፤ ዳኛው ያልገባውን ሲጠይቀውም ያስረዳል። በጽሑፍ የሚቀርብ አቤቱታ ግን ይህ ዕድል የለውም። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ጸሐፊው አጠገቡ ቆሞ ሊያብራራው አይችልም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች በየቀበሌያቸው በማኅበር እንዲደራጁ ካደረገ ወዲህ፣ የሠፈር ችግር መጀመሪያ የሚነገረው ለቀበሌ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 አቤቱታ ማቅረብን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎታል። ቀበሌው መፍትሔ ካልሰጠ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ምክር ቤት ሊሄዱ ይችላሉ።

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አቅራቢያ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ የክረምቷ ዝናብ ብርቱ ነው። በአንዱ ሠፈር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተደፈነ እንበል። የሠፈሩ ሰዎች እንዲህ ብለው ይጽፋሉ፦

ለደብረ ታቦር ከተማ ምክር ቤት
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ የተደፈነ የጎርፍ መውረጃ ቦይን ይመለከታል

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ድልድዩ ያለው ቦይ በአፈርና በድንጋይ በመደፈኑ ተቸግረናል። ከሰኔ ወር መጀመሪያ አንሥቶ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ሦስት ቤቶች ውስጥም ገብቷል። ልጆቻችን ጎርፉ እስኪጎድል መሻገር ስለማይችሉ ትምህርት ያመልጣቸዋል። ሰኔ 18 ቀን ለቀበሌው ያቀረብነውን ማመልከቻ ግልባጭ አያይዘናል። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር የክረምቱ ዝናብ ሳይጸና ቦዩን እንዲያስጠርግ፣ ምክር ቤቱ ጉዳዩን መርምሮ ትእዛዝ እንዲሰጥልን በአክብሮት እናመለክታለን።

«በመደፈኑ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ግሡ ተገብሮ ነው፤ ደፋኙን አይገልጽም። ነዋሪዎቹ ቦዩን ማን እንደ ደፈነው አላዩም። «እገሌ ደፈነው» ብለው ቢጽፉ አቤቱታው ወደ ክስ ይለወጥና ስለ ጎርፉ መነጋገር ቀርቶ ስለ እገሌ ክርክር ይነሣል።

ወደ ጥያቄው ሲደረስ ግን ተገብሮ ይጎዳል። «ቦዩ ይጠረግልን» ቢባል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ቦዩ ስለሚሆን ጠራጊው አይታወቅም፤ ደብዳቤው የደረሰው ሹምም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ከላይ በተጻፈው ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቷል፤ ምክር ቤቱ ያዝዛል፣ አስተዳደሩ ያስጠርጋል። «አስጠረገ» በሚለው ግሥ መነሻ ላይ ያለው «አስ» አስተዳደሩ ሠራተኛ አሰማርቶ እንደሚያሠራ ያሳያል።

ባለቤቱ «እኛ» በመሆኑ ማሰሪያ አንቀጹ «እናመለክታለን» ሆኗል። በ«እኛ» ጀምሮ በ«ያመለክታሉ» መዝጋት በጋራ አቤቱታ ላይ አዘውትሮ የሚታይ ስሕተት ነው። «እጅግ በጣም ከፍተኛ ችግር» ከሚለው ይልቅ «ሦስት ቤቶች ውስጥ ገብቷል» የሚለው ይበልጣል፤ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላልና። «ከእግርዎ ሥር ወድቀን» የሚለው የጥንት አነጋገርም መብቱን ለሚጠይቅ ነዋሪ አይስማማውም፤ «በአክብሮት» ይበቃል። አቤቱታው ገቢ ሲሆን ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ በግልባጩ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ደግሞ አይዘንጋ።

መልመጃ

1. «የሠፈራችን ቦኖ ይጠገንልን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አድራጊው ተለይቶ እንዲታወቅ አድርጋችሁ ጻፉ።

2. በምትኖሩበት ሠፈር በዐይናችሁ ያያችሁትን አንድ ችግር መርጣችሁ ለሚመለከተው ምክር ቤት የጋራ አቤቱታ ጻፉ። ተገብሮ ግሦችን ሁሉ አስምሩባቸውና እያንዳንዱ ለምን እንዳስፈለገ አስረዱ።