ዋግና የእግዚአብሔር እጅ



በ2003 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገራችን የስንዴ ማሳዎች ላይ ተነሥቶ ኩብሳን የመሳሰሉ ዝርያዎችን ክፉኛ ጎዳ። ከዚያ በኋላ የባሌና የአርሲ ደጋ ገበሬ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደ ተባለው ወደ ዲጋሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2006 ዓ.ም. የምርት ዘመን፣ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጣና ዲጋሉን መታው። በባሌ አንዳንድ ማሳዎች ምርቱ ከነጭራሹ ጠፋ፤ አገዳው ቆሞ እያለ በዛላው ውስጥ ፍሬ አልተገኘም።

እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ በደጀ ሰላማችን ሁለት ቃሎች ይሰማሉ። አንዱ «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ከተማሩት ልጆቻችን አፍ የሚወጣው፣ «በሽታ ነው፤ እግዚአብሔርን በዚህ ውስጥ ምን ታስገባላችሁ?» ይላል። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ሐሳብ ተስማምተዋል። ይኸውም እግዚአብሔር የሠራው ከሆነ ለሰውና ለተፈጥሮ የቀረ ሥራ የለም፣ ተፈጥሮ የሠራው ከሆነም ለእግዚአብሔር የቀረ የለም የሚል ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲህ አይናገሩም።

ዋግ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በስሙ ተጠርቷል። በኦሪት ዘዳግም ከእርግማኑ መካከል ይቈጠራል (28፥22)። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲቀድስ ካነሣቸው መከራዎች አንዱ ነው (1ኛ ነገ. 8፥37)። በአሞጽና በሐጌ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ በዋግና በአረማሞ የመታሁ እኔ ነኝ ይላል (አሞ. 4፥9፤ ሐጌ 2፥17)። የግብርና ባለሙያው ለሲናና ገበሬ የሚናገረው ስም ነቢዩ ከተናገረው ጋር አንድ ነው።

እንግዲህ «መታሁ» ማለት ምንድን ነው? አስቀድመን ኦሪት ዘፀአትን እንይ። አንበጣውን በግብፅ ላይ ያመጣ እግዚአብሔር ነው፤ ያመጣውም በምሥራቅ ነፋስ ነው፤ የወሰደውም በምዕራብ ነፋስ ነው (10፥13፣ 19)። ባሕሩንም ሌሊቱን ሁሉ በነፈሰ ብርቱ ነፋስ መለሰው (14፥21)። ጸሐፊው ነፋሱን በመጥቀሱ የእግዚአብሔርን ሥራ ያሳነሰ አልመሰለውም፤ እግዚአብሔርን በመጥራቱም ነፋሱን አልካደም። የዋግም ዘር ዐይን የማያየው ትቢያ ሆኖ የሚጓዘው በነፋስ ነው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጋናና በቦና፣ የሚዘራ አገር በመሆኑ አንዱ ሰብል ሳይነሣ ሌላው ይበቅላል፤ ዋጉም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህን ማወቅ ከእምነት አያጎድልም።

ከዚህ የሚከብደው የፈርዖን ልብ ነገር ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሦስት ዓይነት አነጋገር እናገኛለን፦ ልቡ ጸና፤ ፈርዖን ልቡን አደነደነ፤ እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና (7፥13፤ 8፥15፤ 9፥12)። የራሳችን ቋንቋ እዚህ ላይ ይረዳናል። ገበሬ ማሳውን ሳይጠብቅ ቀርቶ ከብት ቢገባበት «እህሉን ለከብት አስበላ» እንላለን። ከብቱን አልነዳም፤ ነገር ግን የማሳው ጌታ እርሱ ስለ ሆነ፣ መከልከልም ሲችል ስላልከለከለ፣ ግሡ ወደ እርሱ ይመለሳል። «አስ» የምትለዋ ፊደል ማዘዝንም መፍቀድንም ትሸከማለች። (ምሳሌው በሁሉ አይሠራም፤ ሰው የሚያስበላው በቸልታ ነው፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ቸልታ የለም። የምንወስደው የአነጋገሩን ጠባይ ብቻ ነው።) የዳዊትም ቈጠራ እንዲሁ ነው፤ ሳሙኤል ካልእ ዳዊትን ያነሣሣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሲናገር፣ ዜና መዋዕል ሰይጣን ነው ይላል (2ኛ ሳሙ. 24፥1፤ 1ኛ ዜና 21፥1)። አንዱ የሁሉን ጌታ ሲጠራ ሌላው ክፋቱን የሠራውን ጠራ። ሐዋርያው ያዕቆብም እግዚአብሔር ማንንም በክፉ እንደማይፈትን ጽፏል (1፥13)።

ይህን ስንል ግን የአሞጽን ቃል «ፈቀድሁ» ብቻ አድርገን ማለዘብ አንሻም። አሞጽ የተናገረውን ተናግሯል። ልናስተውል የሚገባን ለማን እንደ ተናገረ ነው። ያን ቃል የሰሙት ድሆችን የሚያስጨንቁ የሰማርያ ባለጠጎች ነበሩ (4፥1)፤ በዚያው ምዕራፍ ወደ እኔ አልተመለሳችሁም የሚለው ወቀሳ አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ቃሉ በዳዩን ወደ ንስሓ የሚጠራ እንጂ ተበዳዩን የሚከስስ አይደለም። ማሳው የጠፋበትን ጎረቤት «በኃጢአትህ ነው» የሚል ሰው ግን የአሞጽን ቃል በኢዮብ ወዳጆች አፍ ይናገራል፤ እነርሱም ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር አልተናገሩም ተብለው ተወቅሰዋል (42፥7)። ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል (ሉቃ. 13፥4)። በ2006 ዓ.ም. በባሌ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ስንዴ ጎን ለጎን ነበር፤ ዋጉ ድንበር አልለየም። ስለዚህ ካህን ወደ እንደዚህ ያለ ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ምክንያት መናገር ሳይሆን አብሮ መቀመጥ ይመስለናል።

ኮሚቴዎቻችን ግን ከሁሉ ይልቅ የዮሴፍን ነገር እንዲያነቡ እንወዳለን። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ የሚመጣውን ረኃብ የሚያደርገው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ለፈርዖን ሦስት ጊዜ ይነግረዋል (ቍ. 25፣ 28፣ 32)። ነገሩም በእግዚአብሔር ዘንድ የተቈረጠ ነው ይለዋል። እኛ ብንሆን እዚህ ላይ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለን በተቀመጥን ነበር። ዮሴፍ ግን ወዲያው በሚቀጥለው ቍጥር አስተዋይና ብልህ ሰው ፈልግ፣ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ምርት አምስተኛውን እጅ አስቀምጥ ይላል። እግዚአብሔር የሚያደርገው መሆኑ ጎተራውን የሚያስገነባ ምክንያት ሆነለት።

ኢሳይያስም በምዕራፍ 28 መጨረሻ ገበሬን ያነሣል። የሚያርስበትን ጊዜ፣ ስንዴውን ከገብሱ ለይቶ የሚዘራበትን ስፍራ፣ ጥቁር አዝሙድን በበትር መውቃትን አምላኩ ያስተማረው ነው ይላል። እንግዲህ ወደ አጥቢያችን እንመለስ። የደብሩ መሬትም ሆነ የምእመናኑ ማሳ በአንድ ዝርያ ብቻ እንዳይዘራ፣ በዲጋሉ የደረሰው ያስጠነቅቃል። በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ወይም በአገዳው ላይ ጣት የሚያቀላ የዝገት መልክ ሲታይ፣ በዚያው ቀን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ሳይስፋፋ ሲረጭ ነውና። ሰበካ ጉባኤው በሁለቱም የዘር ወራት ማሳ የሚዞሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢመድብ፣ ያዩትም ከቅዳሴ በኋላ ከሌላው ማስታወቂያ ጋር ቢነገር መልካም ነው። ምሕላው በሚያዝበትም ሳምንት ማሳው ይታይ፤ ሰሎሞን ስለ ዋግ የጸለየው ጸሎትና ዮሴፍ የሠራው ጎተራ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፈዋል።